ፊርማው መጨረሻ ይነበባል፦ የድሮ የጣሊያን የእጅ ሥዕል ሸክላን መለየትና ዋጋውን መገመት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ትልቅ የግድግዳ ሳህን በ120 ዶላር ገዛሁ። መሀሉ ላይ ወደ ጎን የዞረች ቆንጆ ሴት አለች። ዙሪያዋን ሰማያዊና ቢጫ ሐረግ ይዞራል። ከጀርባው በብሩሽ «1540» ተጽፏል። ሻጩ ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አልጠየቅኩም። ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። ኋላ ላይ ሸክላ የሚያውቅ ወዳጄ አገላብጦ አየውና «የ1960ዎቹ የቱሪስት ዕቃ ነው፤ ሠላሳ ዶላር ካገኘህበት ተመስገን በል» አለኝ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም።

በሻጩ መፍረድ አልችልም። ቁጥሩን አንብቤ ሳህኑን ሳላየው ነው የገዛሁት።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። በ2021 ስኮትላንድ ውስጥ ከአንድ የገጠር መኖሪያ ቤት መሳቢያ የተገኘ ሳህን ለጨረታ ቀርቦ ነበር። ሶምሶንና ደሊላ ተሥለውበታል። ሠዓሊው ኒኮላ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ሥራው ደግሞ የ1520ዎቹ። ከ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣበት። እንዲህ ያለ ሎተሪ እንዲደርሳችሁ አልጠብቅም። ግን በ8 ዶላር ተገዝቶ 200 የሚያወጣ ጎድጓዳ ሳህን በየሳምንቱ በትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) መደርደሪያ ላይ ያልፋል። እሱን እንዳያመልጣችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ቀጥሎ ያለው እኔ አሁን የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ የምንፈልገው ነገር ምንድን ነው?

ጣሊያኖች ማዮሊካ ይሉታል። አሠራሩን ካወቃችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ፤ የኋላ ምርመራው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

ዕቃው ከተራ የሸክላ ጭቃ ይሠራል። አንዴ ይተኮሳል። ከዚያ እርሳስና ቆርቆሮ ያለበት ውኃማ ሽፋን ውስጥ ይነከራል። እርሳስ ስል የጽሕፈቱን፣ ቆርቆሮ ስል የጣሪያውን አይደለም፤ ማዕድኖቹን ነው። ወተት የመሰለውን ነጭ መልክ የሚሰጠው ቆርቆሮው ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይሆናል። ሠዓሊው የሚሥለው በዚህ ዱቄት ላይ ነው። ቀለሙ ወዲያው ይመጠጣል፤ ከተሳሳተ መሰረዝ የለም። ከዚያ ዕቃው ሁለተኛ ጊዜ ይተኮሳል፤ ሽፋኑ ቀልጦ መስታወት ይሆናል፤ ሥዕሉም አብሮ ውስጡ ይቀራል።

የቆርቆሮ ሽፋኑ ጥበብ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኢራቅ ውስጥ ይሠራበት ነበር። በሙስሊም ስፔን በኩል አልፎ ጣሊያን ገባ። ስሙም የስፔን ዕቃ በመርከብ ይመጣበት ከነበረው ከማዮርካ ደሴት ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለት ነገር እንዳያምታታችሁ። እንግሊዞችም «ማጆሊካ» የሚሉት አላቸው። የሚንተን ፋብሪካ በ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ያስተዋወቀው፣ ቅጠልና ፍራፍሬ በጉልህ የተቀረጸበት፣ በቀለም ሽፋን ብቻ የተነከረ ዕቃ ነው። ያ ሌላ ዘር ነው። ሁለተኛው የሐበሻ ሳሎን የሚወደው ካፖዲሞንቴ ነው፤ ጽጌረዳ የተደራረበበት፣ መላእክት የተቀመጡበት። እሱ መነሻው ፖርሴሊን ነው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ሸክላ፤ ስለ ማህተሙ ግን ወደ ኋላ የምለው አለኝ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትንሽ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ የስልካችሁ መብራት፣ የልብስ ስፌት ሜትር፣ ከተቻለ ደግሞ ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ። ሁሉም ተደምሮ ከሠላሳ ዶላር አይበልጥም።

ደረጃ 1፦ ጭቃውን ፈልጉ

ሳህኑን አንሱና የሚቀመጥበትን ክብ ጠርዝ ብቻ እዩ። ጽሑፉን ለጊዜው እለፉት። ያ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ሽፋን የለውም ወይም ተፍቋል። እዚያ የሚታየው ጭቃ ከክሬም እስከ ሮዝ፣ አንዳንዴም ቀይ ቡናማ መሆን አለበት። የተሸረፈ ቦታ ካለ ደግሞ የበለጠ ይታያል፤ ላይ ነጭ ሽፋን፣ ሥር ቀለም ያለው ጭቃ።

አሁን የስልኩን መብራት ከጀርባ አብሩበት። ብርሃን ካሳለፈ ፖርሴሊን ነው። ብርሃን ሳያሳልፍ ጭቃው ድረስ ነጭ ከሆነ የተለየ የነጭ ሸክላ ዓይነት ነው። ይህ በራሱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ማዮሊካ ግን አይደለም።

ደረጃ 2፦ ኳ አድርጉ

እናቶቻችን ገበያ ላይ ድስት ሲገዙ የሚያደርጉት ነው። በአንድ እጅ መዳፍ ላይ አስቀምጡና በሌላው ጣት አጥንት ጠርዙን ኳ አድርጉ። ጤነኛ ሸክላ ረጋ ያለ፣ ትንሽ የሚቆይ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣበቀ ከሆነ ድምፁ እንደ ካርቶን ይሞታል። ስንጥቁን በዓይን ባታዩትም አለ። በጣም የደነደነ ዕቃ በጤናውም ቢሆን ደብዛዛ ይሰማል፤ ስለዚህ ይህን ፈተና ለሳህንና ለስስ ዕቃ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 3፦ እጁን ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዋናው ቦታ ይህ ነው።

«በእጅ የተሣለ» የሚለው ጽሑፍ ማንም ሊያትመው የሚችል ጽሑፍ ነው። እጁን ራሱን ማግኘት ያለባችሁ ሥዕሉ ውስጥ ነው።

ከጠርዙ ዙሪያ ካለው መስመር ጀምሩ። ሠዓሊው ሳህኑን በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ብሩሹን ባለበት ይይዛል፤ የሚዞረው ሳህኑ ነው። ስለዚህ መስመሩ የተጀመረበትና ያለቀበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቀለሙ ይደራረባል፣ ወይም ሁለቱ ጫፎች አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሳሳታሉ። በጣታችሁ እየተከተላችሁ ያንን መገጣጠሚያ ፈልጉ። ካገኛችሁት ሰው ነክቶታል።

ቀጥሎ ተደጋጋሚ ነገር ምረጡ። አበባ፣ ቅጠል፣ ነጠብጣብ። አንዱን ከሌላው አስተያዩ። በእጅ የተሣለ ከሆነ ስምንቱ ቅጠል ስምንት ወንድማማች ነው እንጂ መንታ አይደለም። አንዱ ይወፍራል፣ ሌላው ይቸኩላል። የብሩሹ ምት ሲጀምር ሞላ ይላል፤ ሲያልቅ ይሳሳል። ቀለሙ የተጠራቀመበት ቦታ ይጠቁራል።

አሁን ማጉያውን አውጡ። እንደ ጋዜጣ ፎቶ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከታያችሁ የታተመ ነው፤ ወረቀት ላይ ታትሞ የተለጠፈ። አንዳንዴ የተለጠፈው ፊልም ጠርዝ በብርሃን ሲዘነብል ይታያል። ሌላ ማታለያ አለ። ቅርጹ ታትሞ ውስጡ ብቻ በእጅ ይቀባል። ያኔ መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስፋት አለው፤ ቀለሙ ግን ከመስመሩ ይወጣል። የሕፃን መቀቢያ ደብተር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ሁለት ሳህኖች ላይ ያለው ሥዕል አንድ ዓይነት ንድፍ ስለሆነ ብቻ ታትሟል ማለት አይደለም። ጣሊያኖች ስፖልቬሮ የሚሉት ጥንታዊ ዘዴ አላቸው። ንድፉ ወረቀት ላይ በመርፌ ይበሳል፤ ወረቀቱ ሳህኑ ላይ ተደርጎ የከሰል ዱቄት በጨርቅ ይነሰነሳል። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ነጥብ በነጥብ መስመር ይተዋል፤ ሠዓሊው ያንን ተከትሎ ይሥላል። ከሰሉ እቶን ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል። ንድፉ የጋራ ነው፤ እጁ ግን የየራሱ።

በመጨረሻ ጥራቱን ፍረዱ። ፊት ካለ ፊቱን እዩ። ጎበዝ ሠዓሊ አፍንጫን በአንድ ምት ይጨርሳል። የቱሪስት ዕቃ ላይ ያለች ሴት ብዙ ጊዜ የደነገጠች ትመስላለች። የእኔዋም እንደዚያ ነበረች፤ አፍሬ ነው እንጂ ገና ከመነሻው ታስታውቅ ነበር።

ደረጃ 4፦ ዕድሜውን ገምቱ

የድሮዎቹ ሠዓሊዎች የነበሯቸው ቀለሞች ጥቂት ናቸው። ሰማያዊ ከኮባልት፣ አረንጓዴ ከመዳብ፣ ቢጫ ከአንቲሞኒ፣ ብርቱካናማ ከብረት፣ ሐምራዊ ቡናማ ከማንጋኒዝ። የእቶኑን ሙቀት የሚችል ጥሩ ቀይ ማግኘት ትልቅ ራስ ምታት ነበር። ስለዚህ እንደ ቲማቲም የሚያበራ ቀይ ካያችሁ፣ በአብዛኛው 20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ናችሁ።

መቀመጫውን እዩ። እውነተኛ የዕድሜ ጭረት ወደየአቅጣጫው ነው፤ አንዱ ጥልቅ፣ ሌላው ቀላል። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ የአሸዋ ወረቀት ሥራ ነው። እርጥብ ጥጥ ወስዳችሁ ጀርባውን ጠረግ አድርጉ። ቡናማው «እድፍ» ቀለም ከለቀቀ፣ ይባስ ብሎ የሻይ ወይም የጫማ ቀለም ሽታ ካለው፣ አንድ ሰው ዕድሜ ቀብቶበታል። ግድግዳ ላይ ብቻ የኖረ ሳህን ግን መቀመጫው ንጹህ ቢሆን አይገርምም።

ሽፋኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ስንጥቅ ስታዩ አትደሰቱ፤ አትዘኑም። የ500 ዓመቱም የ50 ዓመቱም ይሰነጠቃል። እንደ ዕድሜ ማስረጃ የሚያቀርቡት ሻጮች ብዙ ናቸው።

ሌላው ጠቃሚ ምልክት ጠርዙ ላይ ነው። የቆርቆሮ ሽፋን በሹል ጠርዝ ላይ በደንብ አይይዝም። የጥንት ማዮሊካ ጠርዙ እዚህም እዚያም መላጡ የተለመደ ነው። የ400 ዓመት ሳህን ያለ አንዲት መሸረፍ ሲመጣ እኔ ነኝ የምጠራጠረው።

ነገሩ በጣም ውድ መስሎ ከታየ ቤተ ሙከራ አለ። ቴርሞሉሚኔሰንስ የሚባለው ምርመራ ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ የተተኮሰበትን ዘመን በግምት ይናገራል። ከሥሩ ትንሽ ዱቄት በመሰርሰሪያ ይወሰዳል። ለሠላሳ ዶላር ሳህን ይህን ማድረግ ቀልድ ነው።

ደረጃ 5፦ ከተማውን ለዩ

የጣሊያን ሸክላ የከተሞች ነገር ነው። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የሥዕል ዘዬ አለው። ግን የአንዱን ንድፍ ሌላው ሁሌም ይቀዳል፤ ስለዚህ ንድፉ የሚነግራችሁ «የየት ወግ ነው» የሚለውን እንጂ «የት ተሠራ» የሚለውን ብቻውን አይደለም።

ዴሩታ በኡምብሪያ፣ ፔሩጂያ አጠገብ ናት። አሜሪካ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምታገኙት የሷን ዕቃ ነው። ራፋኤሌስኮ የሚባለው ንድፍ መሀሉ ላይ ሐረግ የሚሆን ዘንዶ መሳይ ፍጥረት አለው፤ ስሙ ከሠዓሊው ራፋኤል ይመጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዴሩታ የቆንጆ ሴቶችን ገጽ በሳህን ላይ በመሣል ታወቀች፤ ሴቲቱ አጠገብ ስሟ ወይም ውዳሴዋ በጥብጣብ ላይ ይጻፋል። የእኔ ሳህን የዚያ ልጅ ልጅ ልጅ ነው። ከተማዋ አሁንም ያንኑ ትሠራለች፤ ቀኑም አብሮ ይቀዳል። ከ1898 ጀምሮ የራሷ የሸክላ ሙዚየም አላት።

ፋኤንዛ ደግሞ ከስሟ የተነሳ ፈረንሳዮች ይህን ሸክላ በሙሉ «ፋየንስ» ብለው ጠሩት። የሷ መታወቂያ ጋሮፋኖ የሚባለው የካርኔሽን አበባና የጣዎስ ላባ ዓይን የመሰለው ንድፍ ነው። በ1908 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሸክላ ሙዚየም እዚያ ነው። ጣሊያን የምትኖሩ ካላችሁ አንድ ቀን ሂዱበት፤ መቶ ፎቶ ከማየት አንድ ከሰዓት እዚያ መቆም ዓይን ያሰለጥናል።

ቪየትሪ ሱል ማሬ የአማልፊ ባሕር ዳርቻ ናት። ሥዕሏ የዋህ ነው። ዓሣ፣ ባለ ጀልባ፣ ከሁሉም በላይ ትንሽ አህያ። በ1920ዎቹና 30ዎቹ የጀርመን ሠዓሊዎች መጥተው እዚያ ሠሩ፤ አህያውም ከነሱ ዘመን ጋር ይያያዛል። የዚያ ዘመን ዕቃ አሁን በደንብ ይፈለጋል። አደራ፣ በ1983 አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የተመሠረተ «ቪየትሪ» የሚባል አስመጪ ኩባንያ አለ። ዕቃው ጣሊያን ነው የሚሠራው፤ ጥሩም ነው። ግን ከ1983 በኋላ ነው፤ ከከተማዋ ጋርም አንድ አይደለም። በዚህ ስም የሚታለለው ሰው ብዛት!

ካስቴሊ በአብሩዞ ተራሮች ውስጥ ናት። ጸጥ ያለ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቡናማ የገጠር ትዕይንት ካያችሁ አስቧት። ካልታጂሮኔ ሲሲሊ ውስጥ ናት፤ የሰው ራስ ቅርጽ ያላቸው የአበባ ማስቀመጫዎች የሷ ናቸው። ከተማዋ 142 ደረጃ ያለው መወጣጫ አላት፤ የየደረጃው ፊት በሸክላ ንጣፍ ያጌጠ ነው። ኖቬና ባሳኖ በቬኔቶ አሉ፤ ፍራፍሬ የተቀረጸባቸው ቅርጫትና ሳህኖች ይበዛቸዋል።

ሞንቴሉፖ ፍሎረንስ አጠገብ ናት፤ እሷን ለብቻ ያቆየሁት ቢቶሲ በሚባለው የሸክላ ፋብሪካ ምክንያት ነው። ቢቶሲ በ1921 እዚያ ተመሠረተ። አልዶ ሎንዲ ከ1946 ጀምሮ የጥበብ ኃላፊው ነበር። ሪሚኒ ብሉ የሚባለውን በ1950ዎቹ አወጣ፤ እርጥብ ጭቃው ላይ በትናንሽ ማህተሞች የታተመ ንድፍ፣ በላዩ የባሕር ሰማያዊና አረንጓዴ። ሥዕል ከሚባል ይልቅ ማህተምና ሽፋን ነው፤ ግን ከዚህ ዘር ስለማይርቅ እና ገበያ ስላለው ልታውቁት ይገባል። ትሪፍት ስቶር ውስጥ «የልጅ ሥራ ነው» ተብሎ በ5 ዶላር የሚቀመጠው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ አሁን ገልብጡት

እስካሁን ስለ ዕቃው የራሳችሁ ሐሳብ ይኖራችኋል። ማህተሙ የሚመጣው ያንን ለማረጋገጥ ወይም ለማፍረስ ነው።

«ዲፒንቶ አ ማኖ» የሚል ካለ በእጅ የተሣለ ማለት ነው። «ማኖ» ያው የሰፈር ኳስ ላይ «ማኖ ነካ!» የምንለው ነው፤ እጅ። ቃሉን ጣሊያን ትቶልን ሄዷል፤ ትርጉሙን ለማስታወስ ሌላ ዘዴ አያስፈልግም።

አገሩ የተጻፈው በእንግሊዝኛ «ኢታሊ» ተብሎ ከሆነ ዕቃው ለውጭ ገበያ ነው የተሠራው። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ አስገድዳለች። ስለዚህ ይህ ቃል ያለበት ዕቃ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። ከጎኑ «1540» ከተጻፈ ነገሩ ተፈታ ማለት ነው። የእኔ ሳህን ላይም ነበር፤ ከሥር በኩል፣ በትንሹ።

የአስመጪ ወረቀት ከተለጠፈበት አትላጡት። አድራሻው ላይ ባለ አምስት አኃዝ የአሜሪካ ዚፕ ኮድ ካለ ከ1963 በኋላ ነው። የኒው ዮርኩ አስመጪ የሬይሞር ስም ካለ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘመናዊ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ልብ በሉ። ስለ ማይክሮዌቭ ወይም ዕቃ ማጠቢያ ማሽን የሚያወራ፣ ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ያለበት ከሆነ ደግሞ አዲስ ነው፤ ምንም ውዝግብ የለውም።

አውራ ዶሮ የፍሎረንሱ የካንታጋሊ ፋብሪካ ምልክት ነው፤ በኡሊሴ ካንታጋሊ ስም ከ1878 ጀምሮ የህዳሴ (ሬነሳንስ) ዘመን ሸክላን አስመስሎ በከፍተኛ ጥራት ይሠራ ነበር። ከጥራቱ የተነሳ አንዳንዱ ተንኮለኛ ዶሮውን ፍቆ እንደ ጥንት ሊሸጠው ይሞክራል። ጀርባው ላይ የተፈገፈገ ክብ ቦታ ካያችሁ ጠይቁ። አህያ ምልክትና ጋምቦኔ የሚል ስም ያለበት የሸክላ ሠሪው የጉይዶ ጋምቦኔ ነው፤ ይህን ካገኛችሁ ድምፃችሁን ሳትቀይሩ ክፈሉና ውጡ። «ሪካርድ ጂኖሪ» የሚለው የፋብሪካ ጥምር ስም ከ1896ቱ ውህደት በኋላ የመጣ ነው።

ወደ ካፖዲሞንቴ ልመለስ። ማህተሙ በዘውድ ሥር ያለ ነጠላ የላቲን ፊደል «N» ነው፣ የ«ኔፕልስ» መጀመሪያ። የመጀመሪያው የካፖዲሞንቴ ፋብሪካ በ1743 ተመሥርቶ በ1759 ወደ ስፔን ሄደ። ዘውዱ ያለበት ማህተም ከዚያ በኋላ የመጣው የኔፕልስ ንጉሣዊ ፋብሪካ ነው። ከዚያም ጣሊያኑም ጀርመኑም ሁሉም ቀዳው። ስለዚህ ይህ ማህተም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እናታችሁ ሳሎን ያለውን ግን እንዲህ ብላችሁ አታስከፏት።

ሌላው ሁሉ ብዙ ጊዜ ዝርዝር ነው። በዘንግ (/) የተነጣጠሉ ቁጥሮች የቅርጽና የንድፍ መለያ እንጂ ዓመት አይደሉም። ሁለት ፊደል የሠዓሊው ስም መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ታዋቂ ካልሆነ ዋጋ አይጨምርም። ምንም ማህተም የሌለው ዕቃ ደግሞ አይናቅም። የጥንቱ ብዙው ማህተም የለውም።

ደረጃ 7፦ ጥገናውን አድኑ

ጨለማ ክፍል ግቡና የአልትራቫዮሌት ባትሪውን አብሩ። በኋላ የተቀባ ቀለምና ሙጫ ከዋናው ሽፋን በተለየ ያበራል፤ ደመና የተቀመጠበት ይመስላል። ባትሪ ከሌለ በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳሱ። መስታወቱ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ የጥገና ቀለም ሞቅ ያለና ላስቲክ መሳይ ነው። ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አፍስሰው የሚሞክሩ አሉ። የእናንተ ዕቃ ካልሆነ እንዳታስቡት።

ደረጃ 8፦ ዋጋው

እዚህ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ኢቤይ ላይ «እንዲህ ያለ ሳህን 900 ዶላር ነው» ይላል። 900 ሻጩ የተመኘው ነው። ማንም ሳይገዛው ሦስት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ማጣሪያው ውስጥ የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳየውን ምረጡ። የጨረታ ውጤት ለማየት ላይቭ ኦክሽኒርስ የሚባል ድረ ገጽ አለ።

ቢያንስ አምስት የተሸጡ ተመሳሳይ ዕቃዎች ፈልጉ። ተመሳሳይ ማለት ንድፉ፣ ስፋቱ በሳንቲ ሜትር፣ ማህተሙና ጤናው። እንበል አራቱ ጤነኞች በ90፣ በ95፣ በ110 እና በ140 ተሸጡ፤ አንዱ የተሸረፈው በ45። የእናንተ ተሸርፏል። እንግዲህ የእናንተ ዋጋ 45 አካባቢ ነው። 140ውን ረሱት። ከዚያ ላይ የድረ ገጹን ድርሻና የመላኪያውን ቀንሱ። ለነጋዴ ከሸጣችሁ ደግሞ ከችርቻሮው ሲሶ እስከ ግማሽ ቢሰጣችሁ አልበደላችሁም፤ እሱም ኪራይ ይከፍላል።

እኔ ገበያ ላይ በተለምዶ የማየው እንዲህ ነው። ተራ የቱሪስት ሳህን ከ15 እስከ 40 ዶላር። ጥሩ ሥዕል ያለው ትልቅ የዴሩታ ሳህን ከ75 እስከ 200። መካከለኛ ሪሚኒ ብሉ ከ100 እስከ 400። ጥሩ ካንታጋሊ ከጥቂት መቶዎች ተነስቶ ሺህ ያልፋል። ጋምቦኔ ሺህ ላይ ይጀምራል ብላችሁ አስቡ። የህዳሴ ዘመኑ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ስትደርሱ የእኔን ምክር ትታችሁ ትልቅ የጨረታ ቤት ፎቶ ላኩ። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ግምት በነፃ ይሰጣሉ።

ስንጥቅ በ1960ዎቹ ዕቃ ላይ ዋጋውን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቆርጣል። በ1530ዎቹ ሳህን ላይ ይቅር ይባላል። ፋሽንም ይፈርዳል፤ አሁን ገዢው ከህዳሴ አስመሳይ ይልቅ የ1950ዎቹን ዘመናዊ ይወዳል።

ገማች ከቀጠራችሁ ክፍያው በሰዓት ወይም በቁርጥ ይሁን፤ ከዋጋው መቶኛ የሚጠይቅ ሰው ዋጋ የማጋነን ምክንያት አለው። ገማቹ ራሱ «እኔው ልግዛው» ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። አሜሪካ ውስጥ ከ5,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ለበጎ አድራጎት ሰጥታችሁ ከግብር ልታስቀንሱ ከሆነ ብቁ የሆነ ገማች የጻፈው ግምት ያስፈልጋል። ከጣሊያን ከ70 ዓመት በላይ የሆነ የጥበብ ዕቃ ይዛችሁ ልትወጡ ከሆነ ደግሞ ወረቀት አለው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ወረቀቱን እንዲያዘጋጅ ጠይቁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስለ ሸክላ መከራከር ደስ አይልም።

ቤት ካስገባችሁት በኋላ

በሞቅ ውኃና በትንሽ ሳሙና በእጅ እጠቡ። ማሽን ውስጥ አታስገቡ፤ አትዘፍዝፉም። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ጭቃው ይጠጣል፤ እድፉም ከውስጥ ይወጣል።

የድሮው ሽፋን እርሳስ አለበት፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ጠጅ፤ ኮምጠጥ ያለ ነገር ሁሉ እርሳሱን ያወጣዋል። ስለዚህ ስልስ አይቅረብበት፤ ጠጅም አይቀዳበት። ፍሬው ልጣጭ ያለው ብርቱካን ወይም ሙዝ ቢቀመጥበት ችግር የለውም።

ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ ባለ ስፕሪንግ ሽቦ ማንጠልጠያው ጠርዙን ይበላል። ከሳህኑ ከፍ ያለ ቁጥር ግዙ፤ አራቱን ጥፍሮች ደግሞ በስስ የፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኑ። ቤት ውስጥ በውኃ ገንዳ ዓሣ ለሚያረቡ ሰዎች የሚሸጠው ቀጭን ቱቦ በልኩ ይሆናል፤ አንድ ሜትር ለአሥር ሳህን ይበቃል።